ጊሎቲንን የፈለሰፈው ሐኪም በገዛ ማሽኑ ነው የሞተው?

የፒያሳው ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ቤቶች። በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። «ጊሎቲንን የፈለሰፈው ፈረንሳዊ ዶክተር በመጨረሻ አንገቱ የተቀላው በዚያው በገዛ ማሽኑ ነው» ይላል። ከሥሩ ያቺ የምናውቃት ተረት ተለጥፋለች፤ «የሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም»። ሕዝቡም አሜን አሜን እያለ ያጋራዋል።

እኔ ግን ታሪኩ አለቅጥ ልክክ አለብኝ። እንዲህ ልክክ ያለ ነገር ደግሞ ይሸተኛል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳን። በዚያው አንድ ጥያቄ ልጨምር። ጊሎቲን የሚለውን ስም ለማተሚያ ቤት ማሽንም፣ ለእንግሊዝ ፓርላማም ሲጠሩበት ሰምቻለሁ። አንገት መቁረጫውን ከነዚህ ጋር ምን አገናኘው?

የቀለም ቀንድ መለሰ፦

ጥርጣሬህ ልክ ነው። ዶክተር ዦዜፍ ኢኛስ ጊዮታን የሞተው ታሞ ነው፤ ማርች 1814፣ በ75 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታስሮ ነበር፤ ግን ተፈታ። ያው የቤተሰብ ስም የነበረው አንድ የሊዮን ሐኪም ተሰይፏል። ወሬው የተደባለቀው በዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ለነገሩ ሰውዬው ማሽኑን አልሠራውም። ንድፉንም አላወጣም። እሱ ያመጣው ሐሳብ ነው።

ከአብዮቱ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ አሟሟትም በዘር ነበር። መኳንንት በሰይፍ ይቀላሉ። ተራው ሰው ይሰቀላል። ሽፍታ ከሆነ መንኮራኩር ላይ ታስሮ አጥንቱ በብረት ዘንግ ይሰባበራል፤ ነፍሱ እስክትወጣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ጊዮታን የሕዝብ እንደራሴ ነበር። በኦክቶበር 1789 ተነሣና ይህ ይቅር አለ። ለአንድ ወንጀል አንድ ቅጣት ይሁን፣ ባላባትም ሆነ ገበሬ። የቤተሰቡ ስም አይጥፋ፣ ንብረቱ አይወረስ፣ ሬሳውም ለዘመድ ይሰጥ። አንገቱም በቀላል መሣሪያ ይቆረጥ። አያችሁ? የመጣው ከርኅራኄ ነው።

በዲሴምበር ደግሞ ስለዚሁ ሲናገር አፉ አዳለጠው። «በኔ ማሽን ጭንቅላታችሁን በዓይን ቅጽበት አነሣዋለሁ፣ ምንም አይሰማችሁም» ዓይነት ነገር ተናገረ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የንጉሡ ደጋፊ ጋዜጠኞች ዘፈን አወጡለት። ማሽኑ ገና ሳይሠራ ስሙ ተለጠፈበት፤ ጊሎቲን የሚለው ከጊዮታን ነው የመጣው።

ዶማ መለሰ፦

ለአንድ ቀልድ ከ200 ዓመት በላይ ቅጣት? እኔማ እዚህ መድረክ ላይ የለቀቅኩትን ሳስበው...

ማሕሌት ዘለቡ መለሰች፦

ታዲያ ማነው የሠራው? ደግሞ ለምን ሰይፉ አልበቃቸውም? እንግሊዞች እኮ ንግሥት አን ቦሊንን በ1536 በሰይፍ ነው የቀሏት። ሰያፊውን ከፈረንሳይ በኩል አስመጥተው።

የቀለም ቀንድ መለሰ፦

ማሕሌት፣ ጎበዝ። ግን ያ ሰያፊ የተመረጠ ባለሙያ ስለነበር ነው በአንድ ምት የጨረሰው። የስኮትላንዷ ማርያም በ1587 በመጥረቢያ ስትቀላ አንድ ምት አልበቃም። ፈረንሳዮችን ያስፈራቸው ይህ ነው።

በ1791 የወጣው ሕግ የሞት ፍርደኛ ሁሉ አንገቱ ይቆረጣል አለ። የፓሪሱ ሰያፊ ሻርል አንሪ ሳንሶን ይባላል። ሥራውን ከአባት ከአያቱ የወረሰ ሰው ነው። ሕጉን ሲያይ አቤቱታ ጻፈ። ሰይፍ አንድ ሰው ከቆረጠ በኋላ ይደንዛል፤ መለዋወጫ ያስፈልጋል፤ ሰይፍ ደግሞ ውድ ነው አለ። ከሁሉም በላይ ተቀጪው ካልጸና፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሥራው ትግል ይሆናል አለ። እስኪ አስቡት። እኩልነት ታወጀ፤ ዕቃው ግን አልደረሰም።

የቀዶ ሕክምና አካዳሚ ጸሐፊ የነበረው ዶክተር አንትዋን ሉዊ ንድፍ አወጣ። ለመንግሥት የሚሠራው አናጢ ከ5 ሺህ ሊቭር (የያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ) በላይ ጠየቀ። ሠራተኞቼ እንዲህ ያለ ዕቃ መንካት አይፈልጉም ብሎ ዋጋ ቆለለ። ቶቢያስ ሽሚት የሚባል ጀርመናዊ ከ1 ሺህ በታች ብሎ ሥራውን ወሰደው። ሙያው ምን ይመስላችኋል? የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነው። ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ክላቭሳን ነበር የሚሠራው።

ኤፕሪል 1792 ቢሴትር ሆስፒታል ውስጥ በሬሳ ላይ ተሞከረ። ኤፕሪል 25 ፔልቲዬ የሚባል ዘራፊ የመጀመሪያው ሆነ። ለማየት ግልብጥ ብሎ የወጣው ሕዝብ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ ተበሳጨ ይባላል። በመጀመሪያ ማሽኑን በዶክተር ሉዊ ስም ሉዊዜት ይሉት ነበር። የጊዮታን ቀልድ አሸነፈ። ሉዊ በወሩ ሞተ፤ ስሙ ተረፈለት።

ጥራዝ መለሰ፦

የማተሚያ ቤቱን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ፣ እንጀራዬ ነው። ትልቁ ወረቀት መቁረጫ ማሽን በፈረንጅኛ ጊሎቲን ነው የሚባለው፤ መመሪያው ላይም እንዲያ ይላል። እኛ ሠራተኞቹ መቁረጫው ነው የምንለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወረቀቱን ቁልል ጠርዝ አስይዘህ ታስተካክላለህ። ፔዳሉን ስትረግጥ መጭመቂያው ይወርድና ቁልሉን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ባንዴ መጫን አለብህ። አንዱን ብቻ ብትጫን ቢላው አይነቃነቅም። ሁለቱም እጆችህ ከቢላው ውጭ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ይኸው ነው። አዳዲሶቹ ፊት ለፊት የብርሃን ጨረር አላቸው፤ እጅህ ጨረሩን ከቆረጠ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ይህን ሁሉ ጥሶ አንዱ ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፎ በአንድ እጅ የሚሠራ ጀግና አይቻለሁ። ያው የኛ ነገር።

ከአንገት መቁረጫው ጋር የሚያመሳስለው ቢላው ነው። ቀጥ ብሎ ዱብ አይልም። ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው። ቀጥ ብሎ ቢወርድ ወረቀቱን ይጨፈልቀዋል። በፈረንሳዩም ቢላው ሰያፍ የሆነው ለዚሁ ነው፤ እንዲቆርጥ እንጂ እንዳይደቁስ።

ዶማ መለሰ፦

ያንን ሰያፍ ቢላ ሐሳብ ያመጣው ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ራሱ ነው ይባላል እኮ! ቁልፍና ብረታ ብረት መነካካት ይወድ ነበር። በኋላ በሱው ተቀላ። የፒያሳው ልጅ፣ ተረትህን አትጣላት።

የቀለም ቀንድ መለሰ፦

ዶማ፣ እሷም ከዚያው ከቴሌግራም ሠፈር ናት። ወሬው የመጣው የሳንሶን የልጅ ልጅ በ1860ዎቹ ባሳተመው የቤተሰብ ትዝታ ነው። ሰውዬው ዕዳ የበላው ነበር፤ መጽሐፉ መሸጥ ነበረበት። በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ የለም። ንጉሡ ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 መሰየፉ ግን እርግጥ ነው።

ሰናይት ከለንደን መለሰች፦

ተረቱ የሚሠራለት ሰው ከፈለጋችሁ ስኮትላንድ እንሂድ። ፈረንሳዮቹ ከመጀመራቸው ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ ኤድንብራ ውስጥ «ሜይደን» የሚባል ተመሳሳይ ማሽን ነበር፤ ልጃገረዷ እንደማለት። በ1564 ተሠራ። ዛሬ እዚያው ኤድንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ቆሟል። ስታዩት ያሳዝናል፤ የጓሮ በር የሚመስል እንጨት ነው። በ1581 የሞርተኑ መስፍን ጄምስ ዳግላስ በሱ ተሰየፈ። ማሽኑን ወደ አገሩ ያስገባው እሱ ነው የሚባለው አከራካሪ ነው፤ በሱ መሞቱ ግን አያከራክርም።

የፓርላማውን ልመልስ። 1880ዎቹ ላይ የአየርላንድ ተወካዮች ረቂቅ ሕግ ለማዘግየት ዝም ብለው ያወሩ ነበር። በ1881 አንድ ስብሰባ ያለ እረፍት 41 ሰዓት ቆየ። ሰው ወንበር ላይ ተኝቶ እየነቃ ማለት ነው። አፈ ጉባኤው በገዛ ሥልጣኑ ዘጋው። በ1887 መንግሥት የአየርላንድን የወንጀል ሕግ ማሳለፍ ስላቃተው አዲስ መላ አመጣ። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ክርክሩ ይቆረጣል፣ ያልተነበበውም አንቀጽ ድምፅ ይሰጥበታል። እሱን ነው ጊሎቲን ያሉት። አሁንም እዚህ ዜና ላይ ትሰሙታላችሁ። ተቃዋሚ ሲሆኑ ሁሉም ይጮሁበታል፤ ሥልጣን ሲይዙ ሁሉም ይጠቀሙበታል።

ወለተ ጊዮርጊስ መለሰች፦

አንገት ስለ መቆረጥ እየተወራ መጥምቁ ዮሐንስ አለመነሣቱ ገረመኝ። መስከረም 2 እኮ እሱን ነው የምናስበው። በኛ ስንክሳር ራሱ ከተቆረጠች በኋላ ክንፍ አውጥታ 15 ዓመት በዓረብ ምድር ሰበከች፣ ሚያዝያ 15 ዐረፈች ይላል። ሄሮድስ ዝም ያሰኘው መስሎት ነበር።

አስተባባሪ ጻፈ፦

ቤተሰብ፣ በኛ አቆጣጠር የ2007ቱን የሊቢያ ቪዲዮ እዚህ የለጠፋችሁት ሰዎች፣ ተሰርዟል። እነዚያ ወንድሞቻችን እናት አላቸው፤ እኅት አላቸው። ስማቸውን ማንሳት ይቻላል፤ ቪዲዮውን ማጋራት ግን አይቻልም። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ውይይቱ ይቀጥል።

ማሕሌት ዘለቡ መለሰች፦

አስተባባሪ፣ እናመሰግናለን።

ወደ ፈረንሳይ ልመለስ። የቀለም ቀንድ፣ «ከርኅራኄ ነው የመጣው» አልክ። እሺ። ግን በአብዮቱ ያ ሁሉ ሰው ያለቀውስ ማሽኑ ሥራውን ስላቀለለው አይደለም? በሰይፍ ቢሆን ሳንሶን በቀን ስንት ይችላል?

የቀለም ቀንድ መለሰ፦

እኔም እንዲያ ነው የማምነው። ጁን 10 ቀን 1794 አንድ ሕግ ወጣ። ተከሳሹ ጠበቃ የለውም፤ ፍርዱ ወይ ነጻ ወይ ሞት ነው። ከዚያ የአብዮቱ መሪ ሮቤስፒየር ጁላይ 28 ራሱ እስኪሰየፍ ድረስ በሰባት ሳምንት ውስጥ ፓሪስ ብቻ ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። በሰይፍ ይህ አይታሰብም። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ የማያለቅስ ዕቃ ስታመጣ እጅህን የሚይዝህ ነገር ይጠፋል።

አንዲት ነገር ልጨምር። በ1784 ንጉሡ ሜስመር የሚባል ሐኪም በማግኔት እፈውሳለሁ ሲል የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ኬሚስቱ ላቮዋዚዬ፣ የሥነ ፈለኩ ሊቅ ባይዪ፣ እና የኛው ጊዮታን አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ባይዪ በ1793፣ ላቮዋዚዬ በ1794 አንገታቸው በጊሎቲን ተቆረጠ። ጊዮታን ተርፎ የፈንጣጣ ክትባት እንዲስፋፋ ሲሠራ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። እስኪ በየትኛው ጉድጓድ ነው የገባው?

ሰናይት ከለንደን መለሰች፦

እኔ አልስማማም። ማሽኑን አትክሰሱት፤ ሕጉን ክሰሱ። ናንት ከተማ ላይ እኮ ጊሎቲኑ አዘገየን ብለው እስረኛ በጀልባ ጭነው ሎዋር ወንዝ ውስጥ አሰጠሙ። ሊዮን ላይ በመድፍ ደረደሯቸው። ጠበቃ የከለከለው ወረቀት ነው የገደለው። መግደል የፈለገ ቢላ ሰያፍ ይሁን ቀጥ አያስጨንቀውም። ደግሞ ሁልጊዜ የንጉሡንና የንግሥቲቱን ሥዕል እናያለን እንጂ አብዛኞቹ ሟቾች ገበሬ፣ ሠራተኛ፣ ተራ ሰው ነበሩ።

ዶማ መለሰ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ልሽሽ። ጥያቄ አለኝ፤ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ ያያል፣ ይሰማል የሚባለውስ? ሕልሜ ውስጥ ይመጣል።

የማታ ተረኛ መለሰ፦

ሐኪም ነኝ፣ ልሞክር። ያ ወሬ የሚነሣው ቦርዮ ከሚባል ዶክተር ነው። ጁን 1905 ኦርሌያን ከተማ ላንጊይ የሚባል ወንጀለኛ ሲሰየፍ ራሱን ይዞ በስሙ ጠራው። ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ ደግሜ ስጠራው ደገመ ብሎ ጻፈ። ችግሩ ፊት ላይ ያሉ ጡንቻዎች ያለ አእምሮ ትእዛዝም ይንቀሳቀሳሉ። ደሙ ባንዴ ሲወርድ አእምሮ የሚቆይበት ጊዜ በሴኮንድ ነው የሚቆጠረው። በ2011 ኔዘርላንድ ውስጥ በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ንቃቱ በ4 ሴኮንድ ገደማ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ ዶማ፣ ተኛ። 4 ሴኮንድ ግን ዜሮ አይደለም፤ «ምንም አይሰማችሁም» ያለው ጊዮታን ትንሽ አጋንኗል።

ጡረተኛው ሻምበል መለሰ፦

ልጆች፣ በወታደር ቋንቋም አለች ይህቺ ነገር። ራስ መቁረጥ ይባላል። መሪውን ምታ፣ የቀረው ይበተናል ነው ስሌቱ። አሜሪካ በማርች 2003 የኢራቅን ጦርነት የከፈተችው ባግዳድ ዳር ዶራ የሚባል እርሻ በመደብደብ ነው። ሳዳም እዚያ አለ ተብሎ። አልተገኘም። ሜክሲኮ ደግሞ በዲሴምበር 2009 አርቱሮ ቤልትራን ሌይቫን የባሕር ኃይሏ ገደለው። ትልቅ የዕፅ አለቃ ነበር። ቡድኑ ግን አልሞተም። ተሰነጣጥቆ ትንንሾቹ እርስ በርስ ተፋጁ፤ መከራውን ያየው የየመንደሩ ሰው ነው። ራስ ሲቆረጥ ገላው ይወድቃል የሚለው ለሰው ነው የሚሠራው። ድርጅት አንገቱ የት እንደሆነ አይታወቅም።

የቀለም ቀንድ መለሰ፦

ጋሽ ሻምበል፣ ከፈረንሳይም ያስኬዳል። የሉዊን አንገት ቆረጡ፤ በ1814 ወንድሙ መጥቶ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ሮቤስፒየር ሲሰየፍ ግን ያ ዓይነቱ ጭፍጨፋ በረደ። ልዩነቱ የጣሉት የራሱ ባልደረቦች መሆናቸው ይመስለኛል። በየሌሊቱ «ነገ እኔ ነኝ» ብለው ሰልችቷቸው ነበር።

የፓሪሱ እንግዳ መለሰ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እዚሁ ፓሪስ ነኝ፣ ስለ መጨረሻው ማንም አላነሣም።

ጊሎቲን የጥንት ነገር ይመስላችኋል? በአደባባይ የቀረው በጁን 1939 ነው። ቬርሳይ ውስጥ ቫይድማን የሚባል ነፍሰ ገዳይ ሲሰየፍ ሰው ከየመስኮቱ አየ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ፊልም ተቀረጸ። መንግሥት አፈረና በቀናት ውስጥ ከእንግዲህ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ይሁን አለ። የመጨረሻው ሰው የቱኒዚያ ተወላጁ ሐሚዳ ጃንዱቢ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1977፣ ማርሴይ። ሻምበል ያኔ በሥራ ላይ ነበሩ መሰለኝ።

ያስቀረው ሮበር ባዳንቴር የሚባል ጠበቃ ነው። በ1972 ደንበኛው ቦንታም ተሰየፈበት። ፍርድ ቤቱ ራሱ ገዳዩ እሱ አይደለም፣ ተባባሪ ነው ብሎ ነበር። ያም ሆኖ ቆረጡት፤ ባዳንቴርም ግቢው ውስጥ ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1981 የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ፣ ኦክቶበር 9 የሞት ቅጣት በሕግ ቀረ። ያኔ አብዛኛው ሕዝብ ይቅር አላለም ነበር። በ2024 አረፈ። ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ሕጉ በወጣበት ዕለት ስሙ ወደ ፓንቴዮን፣ የፈረንሳይ ታላላቆች መካነ መቃብር፣ ገባ። መንግሥት ለታላላቆቹ ብቻ ነው ያንን የሚያደርገው።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። 11ኛው ወረዳ ላ ሮኬት የሚባል እስር ቤት ነበር። ከ1851 እስከ 1899 ጊሎቲኑን በሩ ፊት ያቆሙት ነበር። እግሮቹ እንዲደላደሉ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች መንገዱ ውስጥ ቀበሩ። እስር ቤቱ ፈርሷል፤ ድንጋዮቹ ግን አሉ። በመስቀል ቅርጽ ተደርድረው ከአስፋልቱ እኩል ናቸው። ሰው ዳቦ ይዞ ይረግጣቸዋል። ማዶው የሕፃናት መጫወቻ ነው።

የፒያሳው ልጅ መለሰ፦

ዋው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፓሪሱ እንግዳ፣ የአክስቴ ልጅ በበጋ ወደዚያ ይመጣል። በምን ይድረስ? ደግሞ ማሽኑ ራሱ የት ነው ያለው?

የፓሪሱ እንግዳ መለሰ፦

ማሽኑን ሙዚየም ነው የያዘው። በ2010 ኦርሴ ሙዚየም ስለ ወንጀልና ቅጣት ዐውደ ርእይ ሲያሳይ አቁመውት ነበር፤ የዐውደ ርእዩም ሐሳብ የባዳንቴር ነው። ለድንጋዮቹ በሜትሮ መስመር 2 ይምጣና ፊሊፕ ኦጉስት ይውረድ። ከፔር ላሼዝ መቃብር ዋና በር ፊት ለፊት የሚጀምረውን ሩ ደ ላ ሮኬትን ይዞ ቁልቁል ይሂድ፤ ክርዋ ፎበን ከሚባለው ትንሽ መንገድ አፍ ላይ ያገኛቸዋል። ፎቶ ሲያነሣ ግን ይጠንቀቅ በለው፣ መኪና ያልፍበታል።